ዓይን የሚጠፋው «ለአንዴ ነው» ሲባል ነው

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ በርና መስኮት የምንሠራበት ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። አራት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ባለፈው ሳምንት አንደኛው መሮ በመዶሻ ሲመታ ፍንጣሪ ዓይኑን ነካችው። ትንሽ እንባ አለው፣ ቀላ፣ ከዚያ ተሻለው። አሁን ‹ምንም አልሆንኩም› ብሎ እየሠራ ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። መነጽር ገዝቼላቸዋለሁ፤ ግንባራቸው ላይ ሰቅለውት ነው የሚውሉት። የትኛውን ዓይነት ልግዛ? እንዴትስ አድርጌ ላስለምዳቸው?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁኝ ስለ መነጽር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ ልጁ ልናገር። ዛሬውኑ ሐኪም ያሳዩት። ሥራው ይቆይ።

ምክንያቱን ልንገርዎት። ብረት በብረት ሲመታ የምትነሣው ፍንጣሪ ከጤፍ ፍሬ ልታንስ ትችላለች። ግን ስለት ናት፤ ስትወረወርም እንደ ጥይት ነው። ዓይን ወግታ ስትገባ የምትተወው ቀዳዳ በጣም ትንሽ ስለሆነ በዓይን አይቶ መለየት ያስቸግራል። ሕመሙም ብዙ ላይሆን ይችላል። ዕይታም ለጊዜው ደህና ይሆናል። ሰውየው «ወጣልኝ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ብረቷ ግን ውስጥ ተቀምጣለች። ስትቆይ ትዝጋለች፤ ዝገቱም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ክፍል፣ ሬቲናን፣ ቀስ እያለ ይመርዘዋል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የገባችበት ቀዳዳ ለጀርም በር ነው። ውስጥ ኢንፌክሽን ከተነሣ ዓይን በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

እኔ የዓይን ሐኪም ነኝ። ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ ከፊቴ ስለማይጠፋ ነው። እሱም መሮ ሲመታ ነበር። እሱም ተሽሎት ነበር። የመጣው ከሁለት ወር በኋላ «ማታ ማታ አላይም» ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ብረቱን ማውጣት ይቻላል፤ የሞተውን ሬቲና መመለስ ግን አይቻልም።

ስለዚህ ልጁ ሐኪም ጋ ሲቀርብ «ዓይኔን አመመኝ» ብቻ እንዳይል። «ብረት በብረት ስመታ ፍንጣሪ ገባብኝ» ይበል። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ትቀይረዋለች። የዕይታ መጠኑ ይለካል፣ ዓይኑ በማጉያ መሣሪያ ይታያል፣ ብሌኑ በመድኃኒት ተከፍቶ ውስጡ ይፈተሻል፣ ጥርጣሬ ካለ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ይነሣል። ኤምአርአይ ግን አይሆንም። መሣሪያው ማግኔት ነው፤ ውስጥ ያለችውን ብረት ሊያንቀሳቅሳት ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ።

የተጎዳ ዓይን በመጣ ቁጥር የምጠይቀው አለ። «መነጽር አልነበረህም እንዴ?» እላለሁ። ደጋግሜ የምሰማው መልስ «ነበረኝ፤ ለአንዴ ብዬ ነው» የሚል ነው። አንድ መቁረጥ ቀርቶኝ ነው። አንድ ምት ቀርቶኝ ነው። ብየዳውን ጨርሼ ማስኩን አንሥቼ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲጠነቀቅ የዋለ ሰው ዓይኑን የሚያጣው ጥንቃቄውን ባነሣባት ቅጽበት ነው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ሥራ ላይ ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎችን አነጋግሮ ነበር። ከአምስቱ ሦስቱ ገደማ በዚያች ሰዓት ምንም መከላከያ አላደረጉም። ለምን ሲባሉ ብዙዎቹ የሰጡት ምክንያት ያ ሥራ መነጽር የሚያስፈልገው አልመሰለንም የሚል ነው። መነጽር አድርገው ከተጎዱት ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ላይ ነገሩ የገባው በመነጽሩ ጎን ወይም በታች በኩል ዞሮ ነው። የሚገዙት መነጽር ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ይህ ራሱ ይነግርዎታል።

ግን ከመነጽሩም በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ፍንጣሪው መጀመሪያውኑ እንዳይነሣ ማድረግ ነው። እስቲ ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ቤትዎ ሲገቡ መሮዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስበው በመዶሻ የሚመታውን ጫፋቸውን ይመልከቱ። ለዓመታት በመዶሻ የተቀጠቀጠ መሮ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ወደ ውጭ ይንዘረፈፋል። ጠርዙ ይሰነጠቃል። የልጁን ዓይን የመታችው ፍንጣሪ ከዚያ ጠርዝ ተፈንጥራ ቢሆን አልገረምም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የተንዘረፈፈውን በግራይንደር፣ ዲስክ በሚያሽከረክረው የመቁረጫና የመሞረጃ ማሽን፣ ገፍፎ ጠርዙን ማለስለስ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላም አለ። መዶሻን በመዶሻ መምታት ፈጽሞ ይቅር። ሁለቱም የጠነከረ ብረት ስለሆነ አንዱ መሸራረፉ አይቀርም።

ቀጥሎ ግራይንደሩን ይዩት። የዲስኩ ሽፋን አለ? በብዙ ሥራ ቤት ገና ከካርቶኑ እንደወጣ ተፈትቶ ይጣላል፤ «ለሥራ አይመችም» ይባላል። የዲስክ ጠርዝ የሚሄደው በሰከንድ እስከ 80 ሜትር ነው። በሰዓት ሲሰላ 288 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዲስክ ሲሰበር ቁራጩ በዚህ ፍጥነት ነው የሚመጣው። በመሐል ያለው ያ ሽፋን ብቻ ነው። እባክዎ ይመልሱት።

ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። ትልቁ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ሲያልቅ ያነሰውን ትራፊ በትንሹ ግራይንደር ላይ ማሰር የተለመደ ነው። ቁጠባ ይመስላል። ግን ትልቁ ዲስክ የተሠራው በደቂቃ እስከ 6,600 ዙር እንዲሽከረከር ነው። ትንሹ ግራይንደር ደግሞ 11,000 ገደማ ይዞራል። ማሰር የሚቻለውም ሽፋኑ ከተፈታ ነው፤ ሁለቱ ጥፋቶች አብረው ይመጣሉ ማለት ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከማሽኑ ቁጥር ካነሰ አይታሰርም። አራት ነጥብ።

ዲስክ ቀንም አለው። መሐሉ ላይ ባለችው የብረት ቀለበት ላይ የአገልግሎቱ ማብቂያ ወርና ዓመት ተመትቶ ያገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከተሠራ 3 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ማጣበቂያው እየደከመ ይሄዳል። እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። በክረምት የደብረ ብርሃንን ጉም ያውቁታል፤ ዲስክ ወለል ላይ ወይም ዝናብ በሚነካው መደርደሪያ ላይ አይደር። አዲስ ዲስክ ሲታሰርም ማሽኑን ከሰው አዙሮ ለ1 ደቂቃ በባዶ ማሽከርከር ጥሩ ልማድ ነው። ስንጥቅ ያለው ዲስክ ብዙ ጊዜ ያኔ ይታወቃል። ብልጭታው ወደየት እንደሚሄድም ያስቡ። ወደ ግድግዳ ወይም ወደ መሬት እንጂ አጠገብ ሞርሳ ላይ ወደሚሠራው ልጅ አይሂድ። ከማያቸው ዓይኖች ብዙዎቹ የራሱ የሠራተኛው አይደሉም፤ የጎረቤቱ ናቸው።

መነጽሩ። የፀሐይ መነጽር አይሆንም። የንባብ መነጽርም አይሆንም፤ መስታወቱ ሲመታ ራሱ ፍንጣሪ ይሆናል። ሌንሱ ፖሊካርቦኔት መሆን አለበት። ጎኑም የተሸፈነ፣ ከቅንድብና ከጉንጭ ጋር የተጠጋ ይሁን። ፍሬሙንና ሌንሱን አገላብጠው ጽሑፉን ይፈልጉ። የአሜሪካ ደረጃ ከሆነ «ዜድ 87» የሚል ምልክት አለው፤ ከጎኑ የመደመር ምልክት ካለ ለጠንካራ ምት ተፈትኗል ማለት ነው። የአውሮፓ ከሆነ «ኢኤን 166» ይላል። ከሱ ቀጥላ የእንግሊዝኛዋ ኤፍ ፊደል ካለች በሰከንድ 45 ሜትር የምትበር ትንሽ የብረት ኳስ ችሏል ማለት ነው። ቢ ከሆነች 120 ሜትር ችሏል። ለግራይንደር እኔ የምመርጠው ቢ የተጻፈበትን፣ ዙሪያውን ገጥሞ በላስቲክ የሚታሰረውን ጎግል ነው። ምንም ጽሑፍ የሌለውን፣ ቢያምርም ቢረክስም፣ ይተውት።

በግራይንደር ሲቆርጡ በዚያ ላይ የፊት መከላከያ ይጨመር። ይጨመር ነው የምለው፤ ይተካ አላልኩም። የፊት መከላከያ ከታች ክፍት ነው፤ ብናኝ ከአገጭ ሥር ዘልቆ ይገባል።

የብየዳ ማስክም እንደዚሁ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ «ለአንዴ ነው» የምትባለው ነገር በብዛት የምትፈጸመው እዚህ ነውና። በያጁ ስፌቱን ይጨርሳል። ማስኩን ወደ ላይ ያነሣል። ከዚያ በትንሿ መዶሻ ቅርፊቱን ያራግፋል። ያ ቅርፊት ገና ትኩስ ነው፤ እንደ ብርጭቆም ይፈነጠራል። ዓይኑ ደግሞ በዚያች ሰዓት ባዶ ነው፤ አጠገቡ ያለው ረዳትም እንዲሁ። ስለዚህ በማስኩ ሥር ነጩ መነጽር ሁልጊዜ ይደረግ። ማስኩ ሲነሣ መነጽሩ ይቀራል። ሥራ ቤትዎ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀይር ቢሉኝ የምመርጠው ይህን ነው።

የማስኩ ጥቁር መስታወት ለእናንተ የኤሌክትሮድ ብየዳ ቁጥር 10 ወይም 11 ይሁን። በጋዝ ለሚቆርጥ ቁጥር 5 ይበቃል፤ ያንን ግን ለኤሌክትሪክ ብየዳ መጠቀም አደገኛ ነው። ነጥብ ለማስያዝ ብቻ ብሎ ዓይን ጨፍኖ መበየድንም አውቀዋለሁ። ሰው የሚጨፍነው ብልጭታውን ካየ በኋላ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ሲደረግ ተደምሮ ማታ ይወጣል። በያጅ ሁሉ ያችን ሌሊት ያውቃታል። ከሥራ ደህና ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ ይተኛል። ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተዘራ ያህል ያቃጥለዋል፤ መብራት ማየት አይችልም። ጨረሩ ከዓይን ፊት ያለውን መስታወት የመሰለ ሽፋን፣ የኮርኒያን፣ የላይኛውን ቆዳ አቃጥሎታል፤ ስሜቱ የሚመጣው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ራሱ ይድናል። የተከተፈ ድንች መለጠፍ ቅዝቃዜው ያስታግሳል እንጂ አያድንም፤ ቁስል ላይ ቆሻሻ የማስገባት አደጋም አለው። ንጹሕ ጨርቅ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ በተጨፈነ ዓይን ላይ ማድረግ ይሻላል። ሁለት ቀን አልፎ ካልተሻለ ወይም አንዱ ዓይን ብቻ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ብየዳውን በር ላይ የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ ሸራ ይጋርዱ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ቆመው ብልጭታውን ሲያዩ በየመንገዱ አያለሁ። የነሱን ዓይን የሚጠብቅላቸው የእርስዎ ሸራ ብቻ ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ፦ እንዴት ላስለምዳቸው?

ከመቆጣትዎ በፊት ለምን እንደሚያወልቁት ይጠይቋቸው። እኔ የማውቀውን መልስ ልንገርዎት። በእኛ አገር ብርድ የመጀመሪያው ምክንያት ጉም ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲመታ መነጽሩ ሌሊቱን በረዶ ሆኖ ያድራል። ልጁ ጠዋት ያደርገዋል። አፉን በሻርፕ ሸፍኗል፤ ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይሄዳል። ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል። ምንም አያይም። በማያይበት መነጽር ግራይንደር መያዝ ራሱ አደጋ ነው፤ ስለዚህ ያወልቀዋል። ልክ ነው እኮ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

መፍትሔ አለው። መነጽሩን ሥራ ከመጀመሩ አሥር ደቂቃ በፊት ብብቱ ሥር ወይም ጃኬቱ ውስጥ ያሙቀው። ሻርፑ አፍንጫ ላይ አይጠምጠም፤ ከአገጭ በታች ይሁን። የአቧራ ማስክ የሚያደርግ ከሆነ የአፍንጫውን ሽቦ በደንብ ይጫነው። ጎግል ሲገዙ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ የተሸፈነ ይሁን፤ አየሩ ዞሮ ይገባል፣ ብናኝ ግን አይገባም። ጉም የማይዝ ሌንስ ካገኙ ትንሽ ጨምረው ይግዙት። እስከዚያው አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በውስጥ በኩል ቀብቶ በለስላሳ ጨርቅ እስኪጠፋ መወልወል ለጥቂት ሰዓት ይይዛል።

ሁለተኛው ምክንያት መጫጫር ነው። የተጫጫረ ሌንስ ማንም አያደርግም። ለአራት ሰው አራት መነጽር፣ የየራሳቸው፣ ከነማስቀመጫቸው ይሁን። ደረቅ አቧራ ላይ በሸሚዝ አይጠረግ፤ መጀመሪያ በውሃ ይታጠብ። ሲጫጫር ደግሞ ያለ ጭቅጭቅ ይቀየር። ከመሳሪያዎቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

ሦስተኛው እርስዎ ነዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ራስዎ ያደርጉታል? ልጅ ሥራ የሚማረው በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ነው። አለቃው ባዶ ዓይኑን ግራይንደር ሲይዝ ካየ፣ መነጽር የጀማሪ ምልክት ይመስለዋል። ደንቡን ለሥራ ሳይሆን ለቦታ ያድርጉት። ከዚህ መስመር አልፎ የገባ ሁሉ፣ የሚሠራም የሚያይም፣ በር ሊያዝ የመጣ ደንበኛም፣ መነጽር ያደርጋል። ያኔ «ይህ ሥራ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም» የሚል ክርክር አይኖርም፤ «ለአንዴ ነው» የሚባልበትም ቦታ አይኖርም። ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያውን የሚያቀርበውና አጠቃቀሙን የሚያስተምረው አሠሪው ነው ይላል። ሠራተኛው ደግሞ የተሰጠውን በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

አንዲት ነገር ስለ ማውለቅ። ቀኑን ሲቆርጥ የዋለ ሰው ፀጉሩና ቅንድቡ በብረት ብናኝ የተሞላ ነው። መነጽሩን ቀጥ ብሎ ሲያወልቅ ዓይኑ ውስጥ ይራገፋል። ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መጀመሪያ ግንባሩን አራግፎ ያውልቅ። ልብስን በኮምፕሬሰር ማራገፍም ይቅር።

ብናኝ ከገባ ምን ይደረግ? በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ደጋግሞ ማርገብገብ። ካልወጣ መተውና ወደ ጤና ተቋም መሄድ። የጨርቅ ጫፍ ጠምዝዞ፣ በክብሪት እንጨት፣ በምላስ ማውጣት በየሥራ ቤቱ አለ፤ የጡት ወተት ማስጨመቅም አለ። ኮርኒያ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በክብሪት የሚቆፈር ነገር አይደለም። ብረት እሱ ላይ ከተጣበቀ በሰዓታት ውስጥ ዙሪያውን ይዝጋል፤ ብረቱም ዝገቱም መውጣት ያለባቸው በሠለጠነ እጅ ነው። ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ በራስ መግዛትም እንዲሁ ይቅር። ቅላቱን ያጠፋና ሰውን ያዘናጋል፤ ከሥሩ ያለውን ኢንፌክሽን ግን ያጠነክረዋል።

ዓይን ከተወጋ ወይም ነገር እንደተሰካ ከሆነ ግን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። አይታጠብም። አይጫንም። የተሰካው አይነቀልም። ቅባት አይደረግም። የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ኩባያ ቆርጠው፣ ቂጡን ዓይኑን ሳይነካ በላዩ ላይ በፕላስተር ያስሩት። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምንም አይብላ፣ አይጠጣ። ቀጥታ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይውሰዱት። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ሊላክ ይችላል፤ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያው ቀን ይደረሳል። «እስኪ ይደር» ማለት ነው ዓይኑን የሚያስከፍለው።

ኬሚካል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ከሆስፒታሉ በፊት ውሃ ይቀድማል። በር ስትተክሉ ሲሚንቶና ኖራ ታቦካላችሁ። እነዚህ ከባትሪ አሲድ ይብሳሉ። አሲድ የነካውን ሥጋ አድርቆ ራሱን ሊያግድ ይችላል፤ ኖራ ግን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ፣ የዓይን ቆብን ገልብጦ፣ የተጣበቀውን ፍርፋሪ እያስወጡ ማጠብ ነው። ዓይን ለማጠብ የሚፈለገው በደቂቃ 1 ሊትር ተኩል ያህል ነው። ለ15 ደቂቃ ሲሰላ 22 ሊትር ተኩል ይሆናል። አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ከታች ቧንቧ ያስገቡለትና ሥራው አጠገብ ይቀመጥ፤ ሌላ ነገር አይታጠብበት፣ በየሳምንቱ ውሃው ይቀየር። ውጭ ግን አይደር። በደብረ ብርሃን ጠዋት ውጭ ባደረ ውሃ ዓይኑን 15 ደቂቃ የሚያጥብ ሰው የለም፤ በሁለተኛው ደቂቃ ያቆማል።

እኛ ስንምል «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» እንላለን። ከዚህ የከበደ ነገር ስላላገኘን ነው። ልጆቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ በዚያ ዓይን ገና ብዙ ዓመት ይሠሩበታል።

ልጁን ዛሬ ይውሰዱት። ራጅ ከተነሣ በኋላ ምን እንደተባለ ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።